ፀጉር አስተካካዩና ቀጥ ብለው የሚነሱት ጄቶች

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩ ሥር ካለ ሰው ጋር አይከራከርም። ሥራውን ሲለማመድ የተነገረው ይኸው ነበር፤ የሚከራከር ሰው አንገቱን ያነቃንቃል፣ የሚነቃነቅ አንገት ደግሞ ይቆረጣል። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ትክክል ነበር።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤት የሚጠብቀው የለም። የቀሩት ወዳጆች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጡረተኛ የአውሮፕላን መካኒክ፣ ሌላው ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር። ሁለቱንም ጋሼ ይላቸዋል። ማታ ማታ ሱቁን ዘግቶ ጎን ካለው ሻይ ቤት ይቀላቀላቸውና ሲከራከሩ ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ሰሞኑን የተያያዙት ያለ መንደርደሪያ ቀጥ ብለው በሚነሱ የጦር ጄቶች ነው። መካኒኩ፣ "የአሜሪካኖቹ ኤፍ-35 ያክ የሚባለው የሩሲያኖቹ ጄት ግልባጭ ነው። ያ ወደ መሬት የሚታጠፍ የጅራት ቱቦ ታዲያ ከየት መጣ?" ይላሉ። መምህሩ ደግሞ፣ "ያክህ ሳይበር የቱቦው ንድፍ አሜሪካኖቹ ወረቀት ላይ ነበር" ብለው ድርቅ።

መካኒኩ ሊላጩ ሲመጡ ፀጉር አስተካካዩ፣ "ልክ ነዎት ጋሼ፣ ግልባጭ ነው" ይላል። መምህሩ ሲመጡ፣ "ልክ ነዎት ጋሼ፣ የራሳቸው ነው።" የሚመጡት በተለያየ ቀን ስለሆነ ነገሩ አላሳሰበውም።

አንድ ቅዳሜ ግን መካኒኩ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ መምህሩ ሳይታሰቡ ገቡ።

"እንኳን መጣህ" አሉ መካኒኩ በመስታወቱ እያዩዋቸው። "ምስክሬ ይኸው። ግልባጭ ነው ብሎኛል።"

"ማን? ይኼ?" መምህሩ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ለእኔ እኮ የራሳቸው ነው ብሎ አረጋግጦልኛል።"

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከመካኒኩ ጉንጭ አነሳ። አለቀልኝ አለ በልቡ፤ ከእንግዲህ ሁለት ምላስ ካለው ሰው ጋር ማን ሻይ ይጠጣል?

"ወንበሩ ላይ ስትሆኑ አልከራከራችሁም" አለ።

መምህሩ እጃቸውን ወደ አናታቸው ሰደዱ። "ቆይ እስቲ። ፀጉርዎ አልሳሳም ያልከኝስ?"

"ከኋላ በኩል... ሳስቷል ጋሼ።"

መካኒኩ ሳቅ ሲያመልጣቸው አረፋው ፎጣው ላይ ተረጨ። "ከኋላ ብቻ? ማረፊያ ሜዳ ሆኖ የለ እንዴ። ጄት ቀጥ ብሎ ቢያርፍበት ይበቃዋል።"

"አንተ ግማሽ ጢምህን ይዘህ ዝም በል" አሉ መምህሩ፤ እሳቸውም ግን ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞሩ። "በል አሁን እውነቱን። አንተ ራስህ ምን ትላለህ?"

ፀጉር አስተካካዩን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም።

"ሁለታችሁም የተሳሳታችሁ ይመስለኛል። ቱቦው ይመሳሰላል። ከአብራሪው ጀርባ ግን ያክ ትናንሽ ሞተሮች አሉት፣ ኤፍ-35 ደግሞ ማራገቢያ ነው ያለው። እናንተው ናችሁ ሻይ ቤት የነገራችሁኝ። አንዱ ቤት ብቻ የተወለደ ነገር አይደለም።"

"ምን?" አሉ ሁለቱም እኩል።

መምህሩ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። መካኒኩ አረፋቸው ጉንጫቸው ላይ እየደረቀ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ እሳቸው ስለ ማራገቢያው አንድም ነገር እንዳልገባው፣ መምህሩም ስለ ቱቦው እንደዚያው፣ እየተቀባበሉ ወረዱበት። ፀጉር አስተካካዩ ደረቱ ቀለል አለው፤ ሰው እንዲህ የሚጮኸው በገዛ ወዳጁ ላይ ነው። ምላጩን አለቅልቆ ወደ ወንበሩ ተጠጋ።

"ጋሼ፣ አይነቃነቁ" አለ። "ይህችን ጉንጭ ልጨርስና እመልስልዎታለሁ።"