በመቀስ የተከረከመው ሪፖርት

ስንቅነሽ ሰው መናቅ ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትሰማዋለች፤ ሰኞ ቢሮ ገብታ ጥዑመልሳንን ስታይ ግን ይጠፋባታል። እስቲ አትፍረዱባት። የካርቱም ፀሐይ ሰው እየጠበሰ ከረባት አስሮ የሚውል፣ አዲስ አበባ የሦስት ወር የኮምፒውተር ኮርስ ወስዶ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለዚያው የሚያወራ፣ በዓረብኛ «ሙዲር»፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ብለው ካልጠሩት ዞር ብሎ የማያይ ሰው ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የእሱን ያወጣው መልአክ የዚያን ቀን እንቅልፍ ጥሎት መሆን አለበት።

ሁለቱም የሚሠሩት ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ ቢሮ ባለው አንድ የቆሻሻ ሰብሳቢ ድርጅት ነበር፤ የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ድርጅቱ ሁለት ቡድን ነበረው፣ የአል-ጣኢፍና የኦምዱርማን። ለየቡድኑ አንድ መኪናና ስድስት ሠራተኛ፣ ሁሉም ሐበሻ። ቤቶቹ ኢሽቲራካቸውን፣ ማለትም የወር ክፍያቸውን፣ ይከፍላሉ፣ መኪናው በሳምንት ሦስት ቀን እየሄደ ቆሻሻቸውን ያነሳል። የአል-ጣኢፉን ቡድን ሰብለ ትመራዋለች፤ የልጇን ክርስትና ያነሳችላት ስንቅነሽ ናት። የኦምዱርማኑን የምትመራው ራሷ ስንቅነሽ ነበረች። «ቆሻሻችሁን መንገድ ዳር ከምትከምሩት ለእኛ ስጡን» እያለች ቤት ለቤት ዞራ አዲስ ደንበኛ የምታስገባም እሷው ናት። በዚያ አቧራና ሙቀት ስንቱን በር ስታንኳኳ ውሻ ያልዘነጠላት እግዜር ስለሚወዳት ብቻ ነው።

ሽያጩ ሁሉ በኮምፒውተር ፕሮግራም ይመዘገባል። ፕሮግራሙ በወሩ መጨረሻ ለየቡድኑ ሪፖርት ያወጣል፤ ስንት ቤት ገባ፣ ስንት ቤት ወጣ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሽያጩን መውጣትና መውረድ የሚያሳይ ሥዕል። ይህን አንብቦ ለባለቤቱ ለሀጅ አብዱልወሃብ ማስረዳት የጥዑመልሳን ሥራ ነው። ሀጅ ደግሞ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ተማም፣ ተማም» እያለ የሚሰማ ሰው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ማን ማንን እንደሚያሞኝ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

አሥረኛው ወር ሲገባ ናፍጣ ተወደደና ሀጅ ቆረጠ። ከሁለቱ መኪና አንዱ ይቆማል፣ ስድስቱ ሠራተኞችም ይሰናበታሉ። የትኛው እንደሚቆም ሪፖርቱ ይንገረን አለ። ጥዑመልሳንም ሪፖርቱን አናገረው። የኦምዱርማን ሽያጭ ከወር ወር እየወደቀ ነው፣ የአል-ጣኢፍ ግን እያደገ ነው። ውሳኔው ሐሙስ ይፈረማል።

ስንቅነሽ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ከዚያ ንዴቱ። በዚያ ዓመት ብቻ እኮ መቶ አርባ ቤት አስገብታለች። ቢሮ ገብታ ከፊቱ ቆመች።

«ያ ሙዲር፣ ኦምዱርማን ወደቀ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ወረቀት በእስክሪብቶ አሳያት። «ይኸው፣ ከላይ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ግራፍ የተማረ ሰው ይፈልጋል፣ አልፈርድብሽም።»

«ቤቶቹ ግን አሉ። ዛሬ ጠዋት አይቻቸው ነው የመጣሁት።»

«ሲስተም አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው» አላትና ከረባቱን አስተካከለ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ስንቅነሽ ክርክሩን ትታ ወጣች፤ እንባዋ መጥቶ ነበር፣ እሱ ፊት ግን አላፈሰሰችውም። አምስቱ ባልደረቦቿ መኪናው ላይ ሆነው ይጠብቋታል፤ ምን እንደምትላቸው አታውቅም። ኢንሻአላህ ይስተካከላል አለቻቸው፣ ራሷ ሳታምንበት።

እንግዲህ የዚያን የቆሻሻ ድርጅት ቢሮ ቆሻሻ የሚያነሳው ማን መሰላችሁ? ማንም የለም። ሲሞላ ስንቅነሽ ናት የምትደፋው። ረቡዕ ከሰዓት የጥዑመልሳንን ቅርጫት ስትገለብጥ በመቀስ የተቆረጡ ቀጫጭን የወረቀት ቁራጮች እጇ ላይ ወደቁ። የዓረብኛ ጽሕፈትና ቁጥር ነበረባቸው። ጥዑመልሳን ዓረብኛ ይናገራል እንጂ አያነብም። ስለዚህ ሪፖርቱ በወጣ ቁጥር ጽሕፈቱን «ያስጠላል» እያለ ይከረክመዋል፣ ሥዕሉን ብቻ ለጥፎ ከላዩ በእንግሊዝኛ ያስጌጠዋል። ለሀጅም የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ስንቅነሽ ግን ታነባለች። አል-ጣኢፍ አንዲት መምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስታገለግል፣ የቤቱ ልጅ ስትማር አብራ ተምራለች። ለማንም አውርታው አታውቅም። ከሥዕሉ ሥር የተቆረጠውን ቁራጭ መዳፏ ላይ ዘረጋችው። ወር አንድ በቀኝ ጫፍ ነው፣ ወር ዘጠኝ በግራ ጫፍ። የዓረብ ፕሮግራም ነው፤ እንደ ጽሕፈቱ ሥዕሉም ከቀኝ ይጀምራል። የእኛ ምሁር ግን እንደ ፊደል ገበታ ከግራ ሲያነብ፣ የወጣውን ወረደ፣ የወረደውን ወጣ ሲል ከርሟል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው ነው።

ሐሙስ ሀጅ መጣ። ጥዑመልሳን እስክሪብቶውን ይዞ ገና «ኦምዱርማን» ሲል ስንቅነሽ ገባችና ቁራጩን ከሥዕሉ ሥር አድርጋ ያዘችው።

«ያ ሀጅ፣ ይህችን ያንብቡልኝ» አለች በዓረብኛ።

ሀጅ መነጽሩን አደረገ። ከቀኝ ወደ ግራ ተከትሎ አነበበና ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ጥዑመልሳን «ማተሚያው ነው የገለበጠው» አለ።

«ኸላስ» አለ ሀጅ፣ «ኦምዱርማን ይቀጥላል፣ አል-ጣኢፍ ይቆማል።» ፈረመና ሙሉውን ሪፖርት አሳትሞ ለስንቅነሽ ሰጣት። «ማንበቡን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ሄደሽ ንገሪያቸው። ያላ።»

ጥዑመልሳንማ ሥራው ላይ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ ከረባቱ ይፈለጋል።

ስንቅነሽ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ያን ሁሉ ቀን ጥዑመልሳንን ስትንቅ፣ ሪፖርቱ ሲቃና ማን ላይ እንደሚወድቅ አንዴም አላሰበችም ነበር። ለዚህም ራሷን ረገመች።

አል-ጣኢፍ ስትደርስ ሰብለ መኪናው ሥር ተቀምጣ የጆንያ አፍ ታስር ነበር።

«ሰብልዬ፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላ መኪናችሁ አይወጣም» አለቻት። «ሪፖርቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

ሰብለ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለች። ብዙ አየችው፤ ማንበብ አትችልም።

«ሙዲሩ አድጋችኋል ብሎን ነበር» አለች። «አንቺ ደግሞ ወድቃችኋል ትያለሽ። እስቲ ለእኔም ይግባኝ፣ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።»

ስንቅነሽ አጠገቧ ተቀመጠች። ከቀኝ ጀምራ በጣቷ እያሳየች ወር በወር አነበበችላት። አራተኛው ወር ላይ መስመሩ ድንገት ቁልቁል ይሄዳል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሠላሳ ቤት የወጣበት ወር ነው።»

«የክርስትና ልጅሽ ሆስፒታል የተኛችበት ወር ነዋ» አለች ሰብለ። «ያን ጊዜ ደንበኞቹን የሚያይልኝ ሰው አልነበረም።»

ስንቅነሽ ያን ወር ታውቀዋለች፤ ማታ ማታ ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ያደረችው እሷ ነበረች። ጣቷን ወደ አምስተኛው ወር አሻገረችና ማንበቧን ቀጠለች።