እናቴ ጎንደር ላይ አልጋ ያዘች

«ጎንደር ዘመድ እያላችሁ ሆቴል ልታድሩ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው ወረታ ውስጥ ካለ፣ ታሞ የተኛ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መመለስ ሰለቸኝ፤ ይኼው ጽፌ ልገላገል። አዎ፣ ዘመድ አለን። ሆቴል ያደርነውም ዘመድ ስላለን ነው።

የአባቴ ታላቅ እህት ወይዘሮ ዘርፌ ጎንደር ነው የሚኖሩት። እናቴ ጎንደር በሄደች ቁጥር እሳቸው ቤት ታርፋለች። ታርፋለች ይባላል እንጂ አታርፍም። አምና ወባዋን ልትታከም ሄዳ እዚያ ከረመች፤ የአክስቴን እህል ፈጭታ፣ ጠላ ጠምቃ፣ እንግዳ አስተናግዳ፣ ከነወባዋ ተመለሰች። «እንዴት ነበር እማ?» ስላት «ደኅና አረፍኩ» አለችኝ። መዳፏን ሳየው በወፍጮው መጅ ተልጧል።

ዘንድሮ ደግሞ የመንጋጋ ጥርሷ አመማት። ጉንጯ አብጦ ፊቷ ተጣመመ። መነቀል አለበት ተባለ፤ የሚነቅል ሐኪም ያለው ጎንደር ነው። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ እዚሁ ወረታ ትምህርት ቤት ከተመደብኩ መንፈቅ አልሞላኝም። ደሞዝ አለኝ፣ ትዕግሥት የለኝም።

«እማ፣ ሆቴል አልጋ ይዘን ሁለት ሌሊት እናድራለን» አልኳት። «አንቺ እንግዳ ነሽ። አንዲት ነገር አትሠሪም።»

እናቴ ልትስቅ ብላ ጉንጯን ያዘች። አባቴ ግን አልሳቁም። «ሆቴል የሹፌር ነው። አልጋ መያዝ ደግሞ የንጉሥ ነው!» አሉ። ይኼን የሰማው ጎረቤታችን አያ ደምሴ፣ ነገር ካገኘ የማይለቅ ሰው፣ በማግስቱ በአጥራችን ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ወይዘሮ ሙሉ አልጋ ልትይዝ ነው አሉ! ጃንሆይ ሰምተዋል?» አለ። እናቴ ደንግጣ ግራ ቀኝ አየች። «አፍህን ያዝ አንተ ሰውዬ! ልታስበላን ነው?»

አባቴ ሲሰለቻቸው እሺ አሉ፤ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው። ለእህታቸው አንድ ቅል ቅቤ ይዘን እንሄዳለን፤ እንዳይቀየሙ። እኔ በልቤ ይቀየሙ አልኩ።

ምርጫው

ሆቴል በደፈናው አይያዝም። ሐጂ እንድሪስን ጠየቅኋቸው። ወረታ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ለዕቃ ሲሉ ጎንደር ይመላለሳሉ።

«ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ።

«እናቴ የምትተኛበት።»

«እንግዲያው የፈረንጆቹን ትልቁን ተይው። አሳላፊው በነጭ ጓንት ሲመጣ እናትሽ ተነሥታ ነው የምትቀበለው። መናኸሪያው ሥር ያሉትንም ተያቸው፤ ከታች ጠጅ ቤት፣ ከላይ መኝታ ነው። ዘፈኑ ወለሉን ያነጥረዋል። ማኸለኛውን ያዢ። ከአራዳ ወረድ ብሎ የወይዘሮ ብርቄ ሆቴል አለ።»

«በሩ ከውስጥ ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል።»

«አንሶላው ለእያንዳንዱ ሰው ይለወጣል? ውሃስ አለ? ሽንት ቤቱስ ከክፍሉ ይርቃል?»

ሐጂ ክንዳቸውን ከጣቃው ላይ አንሥተው አዩኝ። «አልጋ ነው የምትከራይው ወይስ ቤቱን ልትገዥው ነው ልጄ?»

ይሳቁ። ለአዳር ሦስት ብር እየከፈልኩ ሳልጠይቅ አልገባም። ከዚያ የጎንደር አውቶቡስ ሹፌር ታደሰን አደራ አልኩት። «ለሰኞ ማታ፣ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል፣ ለመምህርት ዓለም ከወረታ ብለህ ያዝልኝ» አልኩት። ደርሶ ሲመለስ እየሣቀ መጣ። «ተይዟል። ስምሽን ስነግራቸው እንዴት ያለ አክብሮት መሰለሽ!» አለኝ። ኮራሁ። ለምን እንዳከበሩኝ በኋላ ነው የገባኝ።

መንገዱ

ሰኞ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ተነሣን። ሰው በሦስት ብር ይጫናል፤ በግ በስሙኒ። እናቴ ጉንጯን በነጠላ ጠምጥማ፣ የቅቤውን ቅል ጭኗ ላይ አስቀምጣ መስኮት ዳር ተቀመጠች።

የርብን ድልድይ ስንሻገር ወንዙ ከሥር ጎድሎ አሸዋው ይታይ ነበር። ክረምት ላይ ይኼው ርብ ሜዳውን ሁሉ ውጦ ሰዉን በታንኳ ያስኬዳል። ጥር ላይ ግን ፎገራ ሌላ አገር ነው። ውሃው የሸሸበት ጥቁር መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ አረንጓዴ ተነጥፏል፤ ከብቱ እስከ ሐይቁ ድረስ ተበትኗል፤ ነጫጭ ወፎች ከሥሩ ይከተላሉ። እናቴ በመስኮቱ እያየች የማን ማሳ አረም እንደበላው፣ የማን ላም እንደከበደች ትነግረኝ ነበር። ታማም ሥራ ላይ ናት!

ይፋግ ስንቆም ሴቶች የሽምብራ እሸት በእስር በእስሩ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። በአምስት ሳንቲም አንድ እስር ገዛሁ። እናቴ እሸት እንዴት እንደምትወድ የማያውቅ የለም። ማኘክ ስላልቻለች አንዱን ፈልፍላ አሸተተችውና መለሰችልኝ። «ብዪው ዓለምዬ፤ እኔ እያየሁሽ እጠግባለሁ» አለችኝ። እሷ ሁልጊዜ እያየች ነው የምትጠግበው። ይኼ ነው የሚያናድደኝ። ግማሹን በልቼ ግማሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ጀመረ። አውቶቡሱ እያቃሰተ፣ እኛ አቧራ እየዋጥን፣ እንፍራንዝን፣ ማክሰኝትን፣ አዘዞን አልፈን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎንደር ገባን። ቅቤው ቀልጦ የእናቴን ቀሚስ አርሶታል።

መምህሩስ?

የሆቴሉ ዘበኛ አያ ገብሬ ከሩቅ ሲያዩን ኮፍያቸውን አወለቁ። «ከወረታ ናችሁ? መምህር ዓለም የት አሉ?»

«እኔ ነኝ።»

አልፈውኝ ከኋላዬ ፈለጉ። «አይ፣ መምህሩን ነው የምልሽ።»

«እኔ ነኝ እኮ የምልዎ! አስተማሪ ነኝ!»

ለካ ታደሰ «መምህርት» ያልኩትን «መምህር» ብሎ አድርሶታል። እነሱ ደግሞ የድጓ መምህር፣ ባለጥምጥም፣ መስቀል የያዙ አባት ይመጣሉ ብለው ክፍሉን አጥበው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው ሲጠብቁ ውለዋል። ምስኪኑ አያ ገብሬ መስቀል ሊሳለሙ ነበር ኮፍያቸውን ያወለቁት። በመስቀል ፈንታ ያገኙት እኔንና የቅቤ ቅል ያቀፈች እናቴን ነው።

ባለቤቷ ወይዘሮ ብርቄ ወደ በሩ ወጡ። ወፍራም፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ቁልፎቻቸው መቀነታቸው ላይ ይንቃጨላሉ። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቅርታ የኔ ልጅ። ወንድ ለሌላት ሴት አልጋ አልሰጥም። ከተማው አፉ ክፉ ነው፤ የቤቴ ስም ይጠፋል።»

እናቴ ክንዴን ሳብ አደረገችኝ። «እትዬ ዘርፌ ጋ እንሂድ ዓለምዬ። ምን አለበት?» ድምጿ ደክሟል፤ ጉንጯ ከጠዋቱ ይልቅ አብጧል። እዚያ ብንሄድ በዚሁ ጉንጯ ወፍጮ ላይ እንደምትውል አውቃለሁ።

«እትዬ» አልኳቸው ወይዘሮ ብርቄን፣ «ይኼን ሁሉ ክፍል የሚያስተዳድር ወንድ የት አለ? ላነጋግረው።»

«ወንድ የለም። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። እኔው ነኝ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«ታዲያ እርስዎ ወንድ ሳይኖርዎት ዘላለም እዚህ ሲያድሩ ስሙ ያልጠፋ ቤት፣ እኔና እናቴ ሁለት ሌሊት ብናድርበት ይጠፋል?»

አያ ገብሬ መሬት መሬት አዩ። ወይዘሮ ብርቄ ትክ ብለው ተመለከቱኝ፤ ከዚያ ቁልፎቻቸው እስኪንቃጨሉ ሣቁ። «መምህር ነሽ፤ ውሸት የለውም!» አሉና ከመቀነታቸው አንድ ቁልፍ ፈቱ። «ቁጥር ሰባት ነው። ቄጠማውንም አላነሣባችሁም።»

ቁጥር ሰባት

ሁለት የሽቦ አልጋ፣ የነጣ አንሶላ፣ አንድ አምፖል፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ውሃው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ሁሉን አየሁ፤ ሐጂ አልዋሹም። እናቴ አልጋው ላይ በሁለት ጣት ጫን አድርጋ ሽቦው ሲመልሳት ደነገጠች። ቅቤው ግን ዛሬውኑ ካልደረሰ ብላ አስቸገረችኝ። አያ ገብሬ ይዘውት ሄዱ፤ የት እንዳረፍንም ለአክስቴ ተናገሩ።

ጠዋት ስነቃ የእናቴ አልጋ ተነጥፏል፤ የኔውም እንደተኛሁበት ጫፍ ጫፉ ተወትፏል፤ እሷ ኮሪደሩን ትጠርጋለች! ተቆጥቼ ሳልጨርስ የሆቴሉ ሠራተኛ አስካለ ደረሰችና መጥረጊያውን ያዘች። «እትዬ፣ ምነው እንጀራዬን ይቀሙኛል? እርስዎ ከጠረጉ እኔን ማን ያሠራኛል?»

እናቴ መጥረጊያውን እንደ እሳት ለቀቀችው። እኔ ስንት ቀን የለፈለፍኩትን አስካለ በአንድ ቃል ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ እናቴ በዚያ ቤት አንድ ስኒ እንኳ አላነሣችም።

ሐኪሙ ጥርሱን በጉጠት ነቀለው። ጥጥ አስነክሶ፣ «እስከ ማታ እንዳይናገሩ፤ ትኩስም እንዳይጠጡ» አላት። ተመልሰን መመገቢያው ክፍል ተቀመጥን። ለእኔ ፓስታ፣ ለእሷ የበረደ ሾርባ አዘዝኩ። አሳላፊው ወደ ማድ ቤት ዞሮ «ለቁጥር ሰባት ሾርባ!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ባበጠ ጉንጯ ፈገግ ስትል አየኋት። በዕድሜዋ ለእሷ ተብሎ ወደ ማድ ቤት ሲጮህ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ሾርባው ሳይደርስ አክስቴ ደረሱ።

«ቤቴ ጠበበሽ ሙሉ?» አሉ ከበሩ። ተመጋቢው ሁሉ ዞረ። «ወንድሜን ምን በደልኩት? ቅቤ በዘበኛ እጅ ይላክልኝ? በይ ተነሺ፤ ነገ ማኅበር አለብኝ፤ ዱቄቱ ገና አልተነፋም!»

እናቴ ለአክስቴ እሺ የምትለው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ነው። ዛሬ ግን አፏ ውስጥ ጥጥ አለ። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨመቀችው። ቀስ ብላ ጥጡን መሐረብ ላይ ተፋች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ይቀመጡ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም!»

«እዚህ እንግዳዬ ነዎት። እንግዳ ቆሞ አይመለስም።» ከዚያ ወደ አሳላፊው ዞረች። «ወንድሜ፣ ለቁጥር ሰባት አንድ ሾርባ ጨምር።»

ጆሮዬን አላመንኩም። አክስቴም አላመኑ። ግን ምን ያድርጉ? የቀረበልሽን እምቢ ማለት ነውር ነው እያሉ እናቴን ሲያስተምሯት የኖሩት እሳቸው ናቸው። ተቀመጡ። ሾርባው መጣ። ቀመሱት፤ ደገሙት።

«ዱቄቱስ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዱቄቱን አላውቅም» አለች እናቴ። «ሁልጊዜ ጎንደር አረፍኩ እላለሁ። ዘንድሮ ያረፍኩት ልረፍ ብዬ ነው።» ጥጧን መልሳ ነከሰች። ነገሩ አለቀ።

አክስቴ ሲወጡ ክፍላችንን ልይ አሉ። ቄጠማውን አዩ፤ አንሶላውን ዳሰሱ፤ ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና የኔ አልጋ ላይ ጋደም አሉ። ሽቦው ሲጢጥ አለ።

«ለአዳር ስንት ነው ያሏችሁ?»

«ሦስት ብር» አልኳቸው።

ጣራውን እያዩ ጉንጫቸውን ያዙ። «እኔንም እኮ ይኼ መንጋጋዬ ሲጠዘጥዘኝ ነው የከረመው።»

መመለስ

ረቡዕ ከሰዓት ወረታ ስንወርድ አባቴ ከአውቶቡሱ ማቆሚያ ቆመዋል። አያ ደምሴም አልቀረ። ቆቡን አውልቆ እስከ መሬት ጎንበስ አለ። «እንኳን ደኅና ገቡ እቴጌ! አልጋ ያዙ አሉ?»

እናቴ ባለፈው እንዳደረገችው ግራ ቀኝ አላየችም። «ያዝኩ» አለች። «ሲበቃኝም ለቀቅኩ። እስቲ አልጋ ይዞ በፈቃዱ የለቀቀ ከኔ ሌላ ታውቃለህ?»

አያ ደምሴ ቆቡን መልሶ አጠለቀ። አባቴ ሣቃቸው አመለጣቸው፤ ጥቅሏንም ከእጇ ተቀበሉ።

ሆቴል ለምትመርጡ የምመክረው ይኼን ነው። ስለ መቆለፊያውና ስለ አንሶላው ጠይቁ፤ ይሳቁባችሁ። መልእክት ስትልኩ ስማችሁን ደግማችሁ አስይዙ፤ አለዚያ ቄስ ትሆናላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ እረፍት ቦታ የሚሰጠው መስሎኝ ነበር። ለካ ሰው አንዴ በደንብ ካረፈ ማረፉን ይዞት ይመለሳል።

ያን ማታ እናቴ ቤት ገብታ ወደ ጓዳ አልዞረችም። መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ከቦርሳዬ ያስተረፍኩላትን የይፋግ እሸት በደኅናው ጎኗ ማኘክ ጀመረች። አባቴ ትንሽ ጠበቁ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሚበላ ነገር የለም እንዴ ዛሬ?» አሉ።

እናቴ ወደኔ ዞራ ጠቀሰችኝ። ከዚያ ወደ አባቴ አፏን ከፍታ ጮኸች።

«ለቁጥር ሰባት ሾርባ!»

አባቴ ተነሡ። ሾርባ መሥራት አያውቁም፤ ግን ተነሡ።