የዝገት ሕግ

ሰውየው የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነው፤ ሰፈሩም ቤተሰቡም "ፈታኙ" ነው የሚሉት። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል። በእነዚህ ዓመታት ያስለቀሰው ሰው በሙሉ ቢሰለፍ ሁለት ዋና መንገድ ይዘጋል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ደንቡ አርባ ሁለት ነጥብ አለው፤ እሱም አርባ ሁለቱን ያምንባቸዋል፣ በቃ። ስፖኪዮ ሳያይ የተነሳ ይወድቃል፤ ሞተር ያጠፋ ይወድቃል። እያለቀሰ የነዳ ግን ያልፋል፤ ስለ ልቅሶ ደንቡ ምንም አይልም። የገዛ ሚስቱን ወንድም ሳይቀር ሦስት ጊዜ ጥሎታል። የሦስተኛው ለት ሚስቱ የምሳ ሳህኑን ፊቱ ስታስቀምጥ የተሰማው ድምፅ ጎረቤት በር አስከፍቷል። እሱ "የእጅ ፍሬን ረሳ እኮ" አለና ምሳውን በላ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው ነው። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያስባል።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ፋርማሲ ጓዳ ውስጥ፣ በሳል ሽሮፕ ካርቶኖች መሀል፣ አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ነው። ለማያውቀው ለማስረዳት፦ እያንዳንዱ ተጫዋች ወረቀት ላይ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ አንዱ ጎራዴ ያዥ፣ አንዷ ሌባ፣ ሌላው ሐኪም። ከዚያ በዚያ ሰው አፍ ይናገራል፣ በዚያ ሰው እጅ ይሠራል። አንደኛው ደግሞ ተራኪ ይሆንና "ድልድዩ ተሰብሯል" ይላል። ተጫዋቹ "እዘላለሁ" ሲል ወረቀቱ ላይ ያለውን የመዝለል ችሎታውን ቁጥር ያያል፤ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ይጥልና ይደምራል። ከበቃው ይሻገራል፤ ካልበቃው ይበሰብሳል። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ያወሳሰበው ተራኪው ነው፤ ተራኪው ደግሞ ፈታኙ ነው።

ጨዋታው ሲገዛ የመጣው መጽሐፍ ውስጥ አሥራ ስምንት ችሎታ ብቻ ነበር። ፈታኙ መጽሐፉን በአንድ ሳምንት ጨረሰና "ይሄማ ዝም ብሎ ፈቃድ ማደል ነው" አለ። "መውጣት ይላል። ምኑን? ዛፍ የሚወጣ ሁሉ ገመድ ይወጣል?" ስለዚህ የቤት ሕግ ማውጣት ጀመረ። በስድስት ዓመት ችሎታዎቹ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረሱ። መውጣት በዛፍ፣ በግድግዳ፣ በገመድና በመሰላል ተከፈለ፤ መሰላልም በእንጨትና በብረት። አንድ ጊዜ ጎራዴ ያዡ በመስኮት ልግባ ቢል መስኮት መክፈት፣ በመስኮት መሹለክ እና "በማያውቁት ቤት አለመደንገጥ" የሚባሉ ሦስት ችሎታዎች ተጠየቁ። ሦስት ቅዳሜ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠሉ። ውስጥ የነበረው ጠላት ንጉሥ በእርጅና ሞተ።

ተጫዋቾቹ ያጉረመርማሉ፤ ይመጣሉም። ጎራዴ ያዡ ያው ከሰባት ዓመት በፊት ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው ያለፈው የሚስቱ ወንድም ነው፤ በሙያው በያጅ ነው። ሌባዋ የጓዳው ባለቤት ፋርማሲስቷ ናት፤ በጨዋታ የማትሰርቀው የለም፣ በሥራዋ ግን ያለ ሐኪም ወረቀት ለእናቷም የራስ ምታት ክኒን አትሰጥም። ሐኪሙን የሚጫወቱት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም "ቲቸር" ይሏቸዋል። የሌለውን አገር ካርታ የሚስሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ሌሎቹ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ሳያውቁ ድሮ ሰምጠው ነበር። የማከም ችሎታቸው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነው፤ በስድስት ዓመት አንድ አንድ እያሉ የሰበሰቡት።

የዝገት ሕግ የመጣው ከመሥሪያ ቤት ነው። ለዓመታት መሪ ያልነካ አንድ ሰውዬ ፈቃድ ላሳድስ ብሎ መጥቶ የመሥሪያ ቤቱን አበባ ከነአጥሩ ይዞት ሄደ። ፈታኙ በዚያው ቅዳሜ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ ሦስት ተከታታይ ቅዳሜ ያልተሠራበት ችሎታ አንድ ነጥብ ይዝጋል፤ ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው አንድ አንድ ይቀነሳል።

ከዚያ ወዲያ የሆነው አይወራም። ጎራዴ ያዡ "ዋናዬ ሊዝግ ነው" ብሎ ከነብረት ልብሱ የፈረስ ውሃ ማጠጫ ገንዳ ውስጥ ገባ። ሌባዋ ጦርነት መሀል ቁጭ ብላ የራሷን ሳጥን ትቆልፋለች፣ ትከፍታለች። አንድ ዘንዶ ዋሻው በር ላይ ሲያገኛቸው አንዱ ይዘፍናል፣ አንዷ ጫማ ትሰፋለች፣ ሐኪሙ ኮከብ ይቆጥራል። ዘንዶው እሳቱን አፉ ውስጥ እንደያዘ ተራውን ጠበቀ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። ከዚያ ቲቸር የዓይን ቀዶ ጥገና አደረጉና ዘጠኝ ቅዳሜ ቀሩ።

በአሥረኛው ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ። ፋርማሲስቷ ሻይ አቀረበችላቸው፤ በያጁ ወንበራቸውን በእጅጌው ጠረገ። ፈታኙ ወረቀታቸውን ሰጣቸው። በቀይ ተስተካክሏል። ቲቸር ወረቀቱን ቀረብ አድርገው አዩት፣ አራቅ አድርገው አዩት።

"ይሄ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው፣ ቲቸር።"

"አሥራ ሁለት ይላል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ነበርኩ።"

"ዘጠኝ ቅዳሜ አልነበሩም። ሦስቱ ሲሞላ አንድ፣ ለቀሪው ስድስት ደግሞ ስድስት። ሰባት ወረደ።"

"ሆስፒታል ነበርኩ እኮ፣ ልጄ።"

"ሕጉ የት ነበሩ ብሎ አይጠይቅም።"

ፋርማሲስቷ ብርጭቆዋን ቋ አድርጋ አስቀመጠች። "አንተ ሰውዬ፣ በደም ሥርህ የሚሄደው ደም ነው የፍሬን ዘይት?"

ቲቸር አልተቆጡም። ወረቀቱን ለአራት አጠፉና ጠረጴዛው ላይ ተዉት። "ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳስተምር ታሞ ለቀረ ልጅ ዜሮ ሰጥቼ አላውቅም። ይሄ ሕግ ካለ እኔ የለሁም። እናንተ ተጫወቱ፤ እኔ ሬዲዮዬን እሰማለሁ።" ቦርሳቸውን ፈለጉ።

"ቲቸር ከሄዱ እኔም ጓዳውን ለካርቶን እፈልገዋለሁ" አለች ፋርማሲስቷ።

ፈታኙ ጓዳውን ዙሪያውን አየ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። አፉን ሲከፍት ሰዎች ወደፊት ጠጋ የሚሉበት ቦታ በዓለም ላይ ይህ ጓዳ ብቻ ነው። ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ግን ደግሞ ለአንድ ሰው ብሎ የላላ ሕግ፣ በሱ ቤት ሕግ አይባልም፤ ይሉኝታ ነው።

በዚህ መሀል በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ አንተ ራስህ መኪና ከነዳህ ስንት ጊዜህ ነው?"

ፈታኝ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጎን ነው። የራሱን መኪና ደግሞ ድሮ ሸጧታል።

"አሥራ አንድ ዓመት" አለ ፈታኙ፣ ለሳል ሽሮፑ።

ፋርማሲስቷ ካልኩሌተሯን ሳበች። "አምስት መቶ ሰባ ሁለት ቅዳሜ። መጀመሪያ ሙሉ ሃያ ነበርክ እንበል፤ ለክብርህ። አሁን..." ጣቷ ተንጣጣ። "ከዜሮ በታች አምስት መቶ ሃምሳ። በዚህ ቁጥር ተሳፋሪ መሆንም አይፈቀድልህም።"

በያጁ የራሱን ፒካፕ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። "በር ላይ ቆማለች። ንዳት። አሳምረህ ከነዳህ ሕግህ ውሸት ነው፣ ይሰረዛል። ካቃተህ ሕግህ እውነት ነው፣ ቲቸርም የሰባቷን ቅነሳ ይቀበላሉ።"

"እቀበላለሁ" አሉ ቲቸር። "ኋላ ወንበር ሆኜ። ማየት ባልችል እሰማለሁ።"

ከጓዳው እስከ ፒካፑ ሃያ እርምጃ ነው፤ ፈታኙ ሃያውንም በሁለት ልብ ሄደ። አሳምሮ ከነዳ እንደ ልጁ የሚያየው ሕግ በገዛ እጁ ይሞታል። ካበላሸ ሕጉ ይድናል፤ ግን የከተማውን ግማሽ የጣለው ሰው በፋርማሲ በር ላይ የመውደቁ ወሬ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሳይገባ ይቀድመዋል። አሥራ አምስተኛው እርምጃ ላይ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለበት፦ ሆን ብዬ ባበላሽስ? አሥራ ስድስተኛው ላይ አፈረ። የውሸት ውጤት ጽፎ አያውቅም።

በያጁ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀመጠ፤ የፋርማሲውን የደረሰኝ ጥራዝ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶ ይዟል። ሰባት ዓመት የጠበቀው ቀን ነው። "ቀበቶ" አለ፣ በራሱ በፈታኙ ድምፅ።

ፈታኙ ቀበቶ አሰረ። ስፖኪዮ አስተካከለ፤ እንደገና አስተካከለ። ወንበር ሳበ፣ ገፋ። ፋርማሲስቷ ከኋላ "ነዳጅ ሳትነካ ጀንበር ጠለቀች" አለች። ሞተር አስነሳ፣ ማርሽ አስገባ፣ ፍሬቻ አሳየ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ፒካፑ እንደ እንቁራሪት አንዴ ዘለለችና ድፍት አለች። ሞተሩ ጠፋ። አስፋልት ዳር የተኛ ውሻ ተነስቶ ቦታ ቀየረ።

"ደረስን?" አሉ ቲቸር።

ፈታኙ ገና ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይወስን እግሩ ቀድሞት ወስኖ ነበር። ዳግመኛ አስነሳ። አሁን ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ አነሳ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተዋት ቦታ ላይ የሚይዝባትን ነጥብ አገኛት፤ ፒካፑ ውሃ ላይ እንዳለ ተንሸራተተች። አራቱን ማዕዘን ዞረ። የአትክልት ጋሪ ለምትገፋ ሴት ቆሞ አሳለፈ። ተመልሶም በሁለት የቆሙ መኪኖች መሀል በኋላ ማርሽ አንዴ ብቻ ሞክሮ ገባ፤ በግራ ስንዝር፣ በቀኝ ስንዝር። በያጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ለካ፤ ያው ስንዝር ነው።

"አለፍክ" አለ በያጁ። "ያችን የመጀመሪያዋን አላየኋትም።"

"አይተሃታል።"

"ጋሼ፣ ተዋት፤ ሁሉም ሰው—"

"ሞተር አጥፍቻለሁ። ሞተር ያጠፋ ይወድቃል። ወድቄያለሁ፤ ጻፍ።"

"በሞቴ ጋሼ፣ አልጽፍም።"

"ጻፍ አልኩህ!"

በያጁ ጻፈ። ሰባት ዓመት በሕልሙ ሲጽፋት የኖረችውን ቃል ጻፋትና ወረቀቱን በሁለት ጣቱ፣ የሰው እድፋም ልብስ እንደሚይዝ ሰው፣ አቀበለው። ፈታኙ ፈረመበት።

ጓዳው ውስጥ ጭቅጭቁ ደራ። በያጁ ወድቋልና ሕጉ ቆሟል ይላል፣ ድምፁ ግን ደስታ የለውም። ፋርማሲስቷ ነድቷልና ሕጉ ሞቷል ትላለች። ቲቸር ሻያቸው ቀዝቅዞ ጠበቃቸው፤ ቦርሳቸው ግን ጭናቸው ላይ ነው።

ፈታኙ ግራ እግሩን ጠረጴዛው ሥር አንዴ ሲጫን፣ አንዴ ሲለቅ ቆየ። ከዚያ የሕጉን ደብተር ሳበ፣ የዝገት ሕግን ከላይ እስከ ታች ሰረዘው፣ የቲቸርን ወረቀት ዘርግቶ ቀዩን አሥራ ሁለት ሰረዘና አሥራ ዘጠኝ ጻፈ። ደብተሩ ላይ የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦

"ሦስት ቅዳሜ ያልተሠራበት ችሎታ ቁጥሩ አይቀነስም። የሚበላሸው የመጀመሪያው ሙከራ ብቻ ነው፤ ለሱ ዳይሱ ሁለቴ ይጣልና ትንሹ ይያዛል። ከሁለተኛው ሙከራ ጀምሮ ሙሉ ነው። ለሁሉም ሰው።"

"ለታመመም?" አለች ፋርማሲስቷ።

"ለሁሉም ሰው አልኩ።"

ቲቸር አሰቡበት። "ማለት የመጀመሪያው በሽተኛዬ ዕድለ ቢስ ነው።"

"አዎ፣ ቲቸር።"

"ከሱ ቀጥሎ ያለውን እንደ ድሮው አክማለሁ።"

"እንደ ድሮው።"

ቦርሳቸውን ከጭናቸው አንስተው ወለሉ ላይ አኖሩ። "ማን ነው የቆሰለው?"

ሁሉም ወደ በያጁ ዞሩ። ጎራዴ ያዡ ጭኑ ላይ ፍላጻ ተሰክቶበት ሐኪም ሲጠብቅ ሰንብቷል።

"እኔ አልቸኩልም!" አለ በያጁ እጁን አንስቶ። "መጀመሪያ ፈረሴን ይዩልኝ፣ ቲቸር።"

"ፈረስህ ምን ሆነ?"

"ደህና ነው። ለመለማመጃ ነው።"

"የሌለበትን በሽታ ማከም አይቻልም" አለ ፈታኙ።

"አንድ እግሩን ያነክሳል እንበላ!"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አዲሱን ሕግህን ከሰማሁ ጀምሮ!"

ፈታኙ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ችሎታዎች በሐሳቡ ገለበጠ፤ ይህን የሚከለክል አንድም አላገኘም። "ያነክሳል" አለ።

ቲቸር ዳይሱን ሁለቴ ጣሉ፤ ቁጥሩን ፋርማሲስቷ አነበበችላቸው፦ አሥራ አራት፣ ከዚያ አንድ። ትንሹ ተያዘ። ፈታኙ ወንበሩን አስጠጋና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐኪሙ ደህናውን እግር እንዴት አጥብቆ እንዳሰረ፣ ፈረሱም ዞር ብሎ እንዴት በትዝብት እንዳየው ተረከ። ሦስቱም ወደፊት ጠጋ አሉ።

ቲቸር እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "በሉ፣ ሁለተኛውን አምጡልኝ።"