ቅርንፉድ የማይገባበት ሻይ

ነገሩ የወሰደብኝ አራት ወር፣ አንድ የፊት ጥርስና አንድ ጓደኛ ነው። ጥርሱን አስተክያለሁ።

የያዙኝ አዳማ ከሱቄ ነው፤ ጠዋት፣ የብረት መዝጊያውን ገና ግማሽ ድረስ እንዳነሳሁ። ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳው እንደ ሶደሬ ፍል ውሃ ይተነፍሳል። ከባቱ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

"ምን አድርገህ ነው ልጄ?"

"እንጃ አባባ። ሻይ ነጋዴ ነኝ።"

"ሻይም ማሳሰር ጀመረ?" ብለው ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው የምስክር ቃል አነበበልኝ። "'ጥቁሩ ሻይ ከደጋ ወረደ' ካለ መሣሪያ ገባ ማለቱ ነው። 'ቅርንፉድ አይገባበትም' ካለ የማናምነው ሰው አይጠጋ ማለቱ ነው። 'ሦስት ደቂቃ ብቻ' ካለ..."

እዚህ ላይ መስማት አቆምኩ። የምስክሩን ስም አላነበበም፤ አላስፈለገም። በእኛ ሰፈር ሻይ ማለት ጉቦም ነው፤ በዚያ ቢከሱኝ ባልደነገጥኩ። ይሄኛው ግን ሻይ ነበር። ከኢሉባቦር ደጋ፣ ከጭጋግ ውስጥ ተለቅሞ በዓመት ሁለት ኪሎ ብቻ ይደርሰኛል። ቅጠሉ ከውሃው ጋር አይፈላም፤ የፈላው ውሃ ትንሽ በረድ ሲል ይፈስበታል። ሦስት ደቂቃ፤ ካለፈ ይመርራል። ቅርንፉድ አይገባበትም። ይህን በዚህ ቃል ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እቤቴ፣ ከአንድ ማንቆርቆሪያ እየጠጣን።

"ሻይ ነው" አልኩ። "በኤግዚቢት ይዛችሁታል። ሙቅ ውሃ ያስመጡና ልሥራልዎ።"

ሰልችቶት ነው መሰል፣ ፔርሙስ አስመጣ። ሰዓቴን ወስደውብኛልና በልቤ እየቆጠርኩ ሠራሁለት። መልኩ ማር መሰለ። ቀመሰ።

"ስኳርም የለው?"

"የለውም።"

ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እሺ፣ ሻይ ነው እንበል። የመሰከረብህ ሰውም አብሮህ አለበት ብለህ ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። እሱ እንደሆነ አልራራልህም።"

እስክሪብቶውን አየሁት። እውነቱን ለመናገር፣ እጄ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር።

"እሱ ሻይ ጠጣ" አልኩ። "ሌላ ሲያደርግ አላየሁም።"

ጥርሴ የሄደው በማግስቱ ነው። ሻዩን በሠራሁበት ቀን ግን የተረፈችውን ለምኜ ለሽማግሌው ይዤላቸው ገባሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉንጫቸው ውስጥ እያቆዩ ጠጡ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። "ቅርንፉዱን ግን ረስተውታል።"

ከታሰርኩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ክስ ሳይመሠርቱብኝ፣ ለምን እንደፈቱኝም ሳይነግሩኝ ወጣሁ። ጓደኛዬ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ይላል። ማወቄን ይወቅ አይወቅ አልጠየቅኩትም።

"ያ የደጋው ሻይ የለም እንዴ?" ይለኛል።

"አልቋል" እለውና ቅርንፉድ የበዛበትን እቀዳለታለሁ።

አላለቀም። ከያዙት ውስጥ ግማሽ ኪሎውን መልሰውልኛል፤ ብቻዬን እጠጣዋለሁ። የሄደው አራት ወር፣ ጥርስና ጓደኛ፤ የተመለሰው ግማሽ ኪሎ ሻይ።