ቆሞ መሸከም ሥራ ነው?

ሶዶ ውስጥ ለሰባተኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስተምር፣ ክረምት ክረምት ደግሞ ለዲግሪዬ እማር ነበር። የታችኞቹ ክፍሎች በወላይትኛ መማር ከጀመሩ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ሰባተኛ ላይ ግን መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። እኔ በአማርኛ አብራራለሁ፤ ሲጠፋባቸው በወላይትኛ እደግመዋለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌም የሳይንስ ቃላትን መረጥኩ። የሦስቱን ቋንቋ ቃላት ጎን ለጎን ደርድሬ ለአማካሪዬ ወሰድኩለት። ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ። ይህ መዝገበ ቃላት እንጂ ጥናት እንዳልሆነ፣ ልጆቹ ቃሉን ሲሰሙ ምን እንደሚታያቸው አንድም ቦታ እንዳልጠየቅኩ ነገረኝ። ቅር እያለኝ ወደ ሶዶ ተመለስኩ።

በዚያ ዓመት ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አወጣሁ፤ አንዲት ሴት ስኳር ድንች በጀርባዋ ተሸክማ፣ መንገድ ዳር ቆማ መኪና ስትጠብቅ ሥራ እየሠራች ነው? መልሱ አይደለም ነው። በፊዚክስ ሥራ የሚባለው የተገፋው ወይም የተነሣው ነገር ሲንቀሳቀስ ነው። ይህን ደጋግሜ አስተምሬያለሁ። ቢሆንም አብዛኞቹ “አዎ” ብለው ጻፉ። ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣው ልጅ እንኳ “አዎ፣ ምክንያቱም ይደክማታል” አለች። ኤክስ አደረግኩባት።

በሳምንቱ እናቷ ትምህርት ቤት መጣች። ስኳር ድንች ቦዲቲ ገበያ ወስዳ የምትሸጥ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ናት። ስለ ውጤት ልትከራከር መስሎኝ ነበር። ለካ ልጅቷ ወረቀቱን ቤት አንብባላት፣ መምህሩ የአንቺን ሥራ ሥራ አይደለም ብሏል ብላታለች። ሴትየዋ ስለ እሷ የጻፍኩ መስሏት ነው የመጣችው። አፈርኩ።

“መምህር፣” አለችኝ፣ “መኪና እስኪመጣ ሸክም አላወርድም። ካወረድኩ ማን ያሸክመኛል? ይሄ ሥራ ካልሆነ ምንድነው?”

ስለ እሷ እንዳልጻፍኩ ነግሬያት፣ መጽሐፌን ከጠረጴዛ አነሣሁና ይህ ሥራ ነው፣ ይዤው ስቆም ግን ሥራ የለም አልኳት። ክንዴን ዘርግቼ እንድይዘው አዘዘችኝ። ያዝኩ። ጥቂት ቆይቶ ክንዴ ዛለ።

“ይሄ ኦሶ አይደለም?” አለች። ኦሶ በወላይትኛ ሥራ ማለት ነው።

“በመጽሐፉ አይደለም።”

መጽሐፉን ተቀበለችኝ። “እንደዚያ ከሆነ ዳፉራ በለው። ድካም ነው። ማሳ ከቆፈርኩ ማሳው ይለወጣል። ቆሜ ከዋልኩ ድንቹም እዚያው፣ እኔም እዚያው። የቀረኝ ድካም ብቻ ነው።”

በአማርኛም ሆነ በወላይትኛ ከዚያ በፊት እንደዚህ አጥርቼ አስረድቼው አላውቅም።

በማግስቱ ተማሪዎቹን ኦሶ ሲባል የሚታያችሁን ጻፉ አልኳቸው። ቁፋሮ፣ ውኃ መቅዳት፣ ላብ፣ የወገብ ሕመም ጻፉ። ነገር መንቀሳቀሱን የጻፈ የለም። ልጆቹ ትምህርቴን አልረሱም ነበር፤ ቃሉ ሲጠራ ቀድሞ የሚመጣላቸው የሚደክመው ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ኦሶንና ዳፉራን አብሬ ማስተማር ጀመርኩ። በሚቀጥለው ፈተና የማይነቃነቅ ግድግዳ ስለሚገፋ ሰው ስጠይቅ ብዙዎቹ አገኙት፤ ጥቂቶቹ አሁንም ሳቱ። ለልጅቷ ያንን ኤክስ ሰርዤ ግማሽ ነጥብ ሰጠኋት። ልጅቷ ግን ሙሉውን ነበር የፈለገችው፤ ለብዙ ቀን አኮረፈችኝ።

ጽሑፌን እንደ አዲስ ጀመርኩት፤ ቃላቱን በጥቂቱ፣ ልጆቹ ያሉትን በብዛት አድርጌ። አማካሪዬ ተቀበለው። የዳፉራን ማብራሪያ ከየት እንዳመጣሁ ሲጠይቀኝ ከተማሪ ወላጅ አልኩት። እንደዚያው ብለህ ጻፍ አለኝ፤ ጻፍኩ።

ወልቃ የሚለው ቃል ግን አሸነፈኝ። ብርታት ማለት ነው፤ ልጆቹ በፊዚክስ የተለያዩትን ኃይልንም፣ ጉልበትንም፣ አቅምንም በእሱ ይጠሯቸዋል። ሦስቱን የሚለያቸው ሰው ፍለጋ እስከ ቤሌ ድረስ ሄጄ ሽማግሌዎችን ጠየቅኩ። ሁሉም ወልቃ ወልቃ ነው አሉኝ። በጽሑፌ ውስጥ ያ ክፍል መፍትሔ ሳይኖረው ቀረ።