ባዶ መዳፍ

ሞክፖ ወደብ አጠገብ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ኦክቡንን በጸሎት የሚቀድማት አልነበረም። ጎህ ሳይቀድ በሩን የምታስከፍተው እሷ ናት፤ ሳትጾምም ቅዱስ ቁርባን ተቀብላ አታውቅም። ጓደኛዋ ማልሱን ግን ዓሣ ስትሸጥ ስለምትውል ጸሎት ላይ ታንቀላፋለች። ኦክቡንም «አንቺ ደግሞ እግዚአብሔር ፊት ታንኮራፊያለሽ!» እያለች ትነቅፋት ነበር።

በኋላ ስትሮክ መታትና ግማሽ አካሏ ከዳት፤ አንደበቷም ተዘጋ። «አባታችን ሆይ» ልትል በልቧ ስትሞክር እንኳ ቃሉ ይጠፋባታል። ምን ይዤ እቀርበዋለሁ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንድ እሁድ ፓስተሩ ከማልሱን ጋር ቁርባን ይዞላት ቤቷ መጣ። ኦክቡን ጠዋት ምራቷ ያጎረሰቻትን የሩዝ ገንፎ በልታለች፤ አልጸለየችም። ከንፈሯን ገጥማ አለቀሰች።

ማልሱን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ስሚ እቴ፣ እኔን እያንኮራፋሁ ያበላኝ ጌታ አንቺን ዝም ስላልሽ ይከለክልሻል? በይ ክፈቺ!»

ኦክቡን በተጣመመ አፏ ሳቀች። ስትስቅ ፓስተሩ የቁርባኑን ቁራሽ አጎረሳት።

«አሜን» እንኳ አላለችም። ሆኖም ከየት እንደመጣ የማታውቀው ደስታ ሞላትና ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። ያን ሁሉ ዘመን የደከመችለት ነገር ለካ እንዲሁ የሚሰጥ ኖሯል!

ማልሱን ደንግጣ «አመመሽ እንዴ?» አለቻት።

ኦክቡን «የለም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ደህናውን እጇን ዘርግታ ባዶ መዳፏን አሳየቻት። እስክታርፍ ድረስም ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ፣ እየተደነቀች፣ ያንኑ ታሳይ ነበር።