ጎን ቆሜ የነገሥኩበት የዳንስ ጌም

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ብቻውን ይስቃል። ምንድን ነው ስለው፣ ድሮ የነበረ በእግር የሚጫወቱት የዳንስ ጌም ነው፣ የተጫወቱት ሰዎች አስተያየት ጽፈውበታል አለኝ። የኔ እንግሊዝኛ «የስ» እና «ኖ» ላይ ስለሚያልቅ አንብብልኝ አልኩት። አንዱ ምንጣፉ እያንሸራተተ አላጫወተኝም ይላል። አንዷ ጉልበቴን ጨረሰው ትላለች። ሌላው ዘፈኖቹ አርጅተዋል፣ ግን አባቴ ሳይቀር የተጫወተው ጌም እሱ ብቻ ነው ብሏል። አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ፣ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርጎ ቀጥ ብሎ ያልቆመ ሰው ያንን ጌም ተጫወትኩ ብሎ አያውራ ብሎ ጽፏል። እዚህ ላይ ሻዬን አስቀመጥኩ። ሰውዬው እኔን አያውቀኝም ማለት ነው።

ነገሩ ከሚሌኒየሙ በኋላ በነበረው ክረምት ነው። አምቦ ገበያው አጠገብ ለሚ የሚባል ጓደኛችን በአባቱ ቤት የፊት ክፍል ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። ኳስ የሚጫወቱበት ሁለት ቴሌቪዥን አለው፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ያመጣውን አሮጌ የዳንስ ጌም ገጠመበት። መሬት ላይ አራት ቀስት ያለበት የላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ዘፈን ይከፈታል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀስቶች ይመጣሉ፣ አንተ ያንኑ ቀስት በሰዓቱ ትረግጣለህ። ከዘገየህ ያባርርሃል።

እኔ ያኔ ጎሚስታ ነበርኩ። አምስተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት በሰላም ተለያይተን፣ የነቀምቴ መንገድ ዳር የአይሱዙ ጎማ ላይ እየዘለልኩ ከቸርኬው አላቅቅ ነበር። እንዲህ ያለ እግር ላስቲክ ምንጣፍ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። በሳምንቱ የሚችለኝ ጠፋ። ኳስ ተጫዋቾቹ ይሄ ጌም አይደለም፣ ስፖርት ነው አሉ። አንዳንዱ የሴት ነው አለ። የጸሎት ቤት ልጆች ዓለማዊ ነው ብለው አይገቡም፣ ግን በመስኮት ሲያዩኝ ያመሻሉ። እኔም ለነሱ ስል አንድ ሁለት እርምጃ እጨምራለሁ። ውጭ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ደጅ ላይ በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ጭስ ከኛ ካልሲ ሽታ ጋር ይታገላል። ጭሱ አሸንፎ አያውቅም።

ችግሩ የለሚ አባት ኦቦ ደበላ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከጓዳ ወጥተው ከኋላ ያለው አግዳሚ ላይ፣ አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ሁላችንም ብድግ እንላለን። ኳስ የሚጫወተው ጥግ ላይ ተቀምጦ ስለሆነ ምንም የለበትም። እኔ ግን መሐል ቤት ቆሜ መቀመጫዬን የምነቀንቀው በቀጥታ ወደሳቸው ነው። ሽማግሌ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ጀርባ ይሰጠዋል እንዴ? መጀመሪያ ቀን ዘፈኑ እየሄደ እግሬ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ምንጣፉን እንዳለ ተውኩትና ራሴን አዞርኩ። ፊቴ ወደ ግድግዳው፣ ጎኔ ወደሳቸው፣ አንገቴ ብቻ ወደ ቴሌቪዥኑ። ላይ የሚለውን ቀስት በግራ እግሬ፣ ግራ የሚለውን በተረከዜ ወደ ኋላ መርገጥ ለመድኩ። የጌሙ ንጉሥ እንዲህ ሲቆም ያየ ሁሉ እንዲህ መቆም ጀመረ። በወሩ ቤቱ በሙሉ ጎን ቆሞ ነበር የሚጫወተው፣ ሌላ አቋቋም መኖሩንም ረሳነው።

አንድ ቅዳሜ ናቲ የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ ገባ። አይቶኝ አይቶኝ፣ «ወንድሜ፣ አንገትህን ወለም ብሎህ ነው?» አለኝ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ወጣና ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጀርባውን ለኦቦ ደበላ ሰጥቶ እንደ ውሃ ተጫወተው። ቤቱ ኳሱን አቁሞ አፈጠጠበት። ግማሹ ተደንቆ ነው፣ ግማሹ አፍሮ። ሲጨርስ በሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ውድድር አለ፣ ከየጌም ቤቱ አንድ ሰው ይገባል፣ ፊት ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ነው፣ ሕጉ እሱ ነው አለን። እስቲ ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እግሬ ሁሉንም ቀስት ተሳሳተ፣ ዘፈኑ ሳይጋመስ ተባረርኩ። ሳቁብኝ። በተራዬ አንተም እንደኛ ቁም አልኩት። አራተኛው ቀስት ላይ እግሩ ተጠላልፎ አግዳሚው ላይ ወደቀ። ደስ አለኝ፣ ሕጉን ግን አልቀየረውም።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ መሄድ ፈልጌ ነበር። አዲስ አበባን የማውቃት ጎማ ተሸክሜ ነው። ስሜ ተጠርቶ ብገባባት አልኩ። ግን ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ፣ ከሰዓት አዛውንቱ አሉ። ቀጥ ብዬ እጀምራለሁ፣ የምርኩዛቸውን ኳኳታ ስሰማ ሰውነቴ በራሱ ይዞራል። ለሚ አባቴን ሁለት ሳምንት ጓዳ ይቀመጡ ብዬ ልለምናቸው አለ። ሰው በኔ ዳንስ ከገዛ ቤቱ አይወጣም ብዬ ተቆጣሁት። ለካ ሰምተውናል። ጠሩኝ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ አንገትህን የምታጣምመው ለኔ ብለህ ነው?»

«አዎ፣ ኦቦ ደበላ።»

ሳቁ። «እኔ እኮ ከዚህ ሆኜ ቴሌቪዥኑንም አንተንም አላይም። ዓይኔ ከደከመ ቆየ። የምመጣው ጫጫታችሁን ልሰማ ነው። ጀርባህን ስጠኝ፣ አላውቅብህም።»

ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ለሚ ይኸው ተፈቀደልህ ብሎ ዘፈኑን ከፈተው። ምንጣፉ ላይ ወጣሁ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀስቶች መጡ። ከዚያ ዞርኩ።

«እኔ ግን አውቃለሁ» አልኳቸው።

ውድድሩ ላይ ለሚ ራሱ ሄደ፣ በመጀመሪያው ዘፈን ተባረረና በማግስቱ ተመለሰ። እኔ ብሄድ ኖሮ አሸንፍ ነበር። ይህንን ማንም ይጠይቀኝ፣ ሳላፍር እመልሳለሁ።

አሁን የራሴ ጎሚስታ ቤት አለኝ። ኦቦ ደበላ ካረፉ ቆዩ፣ የፊት ክፍሉም ሲሚንቶ ይሸጥበታል። ሚስቴ ታሪኩን በሰማች ቁጥር፣ ለማያይህ ሰው ብለህ ዕድልህን ጣልክ ትለኛለች። የጎማ ደንበኞቼም እንደሷ ናቸው፣ ብሎን እስካጠብቅ ይመክሩኛል። አልቆጨኝም ብል ውሸቴን ነው፣ አዲስ አበባ ስሜን ሳትጠራ መቅረቷ ዛሬም ያንገበግበኛል። ቢሆንም ነገ ያ ዘፈን ቢከፈትና እሳቸው ተመልሰው አግዳሚው ላይ ቢቀመጡ፣ እዚህ ሆዴን ይዤ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ጎን ነው የምቆመው። ሕግ ያወጣው ሰውዬ ከፈለገ መጥቶ ያባርረኝ።